አባባ በጆሯቸው ያዩት ክሊፕ

ባለፈው ሰሞን ክትባት ለመወጋት ሄጄ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ጥጥ ስትጠርግልኝ ፈገግ አልሁ። «መርፌ የሚያስቀው ሰው ዛሬ አየሁ» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት። ሌላው ሰው አልኮል ሲሸተው ሐኪም ቤት ትዝ ይለዋል። እኔ የሚታወሰኝ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የነበረው የበላቸው ሙዚቃ ቤት ነው። በላቸው የቴፑን ራስ በአልኮል ጥጥ ሳያስጠርግ ካሴት አያስገባም ነበር። አቧራ የዘፋኙን ጉሮሮ ይከረክረዋል ይላል። ያን ዓመት ጠራጊዋ እኔ ነበርሁ።

አምስተኛ ክፍል ነኝ። ካሴት ገና አልሞተም፤ ቪሲዲ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ነገር ደግሞ መግባቱ ነው። ጠዋት እማርና ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጥሩዬ ዘንድ እውላለሁ። ጥሩዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ አብራን ነበር የምትኖረው፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠችበት ጠባብ ክፍልና የበላቸው ሙዚቃ ቤት የሚለያዩት በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። ከእሱ ወገን ዘፈን ወደ እኛ ይመጣል፤ ከእኛ ወገን የፔዳሉ ቀጭ ቀጭታ ወደ እሱ ይሄዳል። እኔ ክር መልቀሙና ቁልፍ መትከሉ ሲሰለቸኝ ተነሥቼ በላቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ጥጡን ይሰጠኛል። ጠርጌ ስጨርስ የላሉ ካሴቶችን በእስክሪብቶ እያሽከረከርሁ አጠነጥናለሁ።

በላቸው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ጎንበስ የሚል ወጣት ነበር። በሠርግ ሰሞን በካሜራው ሠርግ ይቀርጻል፤ በቀረው ጊዜ ሙዚቃ ይሸጣል። ታዋቂ ዘፋኝ ግን ብዙም አይጥመውም። ደንበኛው የመጣበትን ካሴት ይሰጠውና «ቆይ፣ ሳትሄድ ይችን ስማት» ይለዋል። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ረዳት የሚያቀብለው፣ ሽፋናቸው በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ማንም የማያውቃቸው ልጆች በራሳቸው አቅም ያወጧቸው ካሴቶች ነበሩት። አንዱ ክራር የሚመታ የዱርቤቴ ልጅ ነው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አውራ ዶሮ ይጮሃል።

«ስቱዲዮ አጥቶ እናቱ ጓዳ ውስጥ ነው የቀዳው» አለኝ በላቸው።

«ዶሮውን ለምን አላባረሩትም?»

«አሁን ስሚውና ዶሮውን አውጥተሽ አስቢው። ይጎድልሻል።»

እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ዘፈን የምሰማው ዶሮውን እየጠበቅሁ ነው።

በላቸው «እገሌ አዲስ አልበም አወጣ» ሲል ሌላ ነገር ነበር የሚገባኝ። እኛ ቤት አልበም ማለት የአባቴና የእናቴ የሠርግ ፎቶ ያለበት፣ እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን የሚወጣው ነው። ስለዚህ ዘፋኙ የሠርጉን ፎቶ አውጥቶ ለአገር ሁሉ የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር። ደግ ሰው ነው እል ነበር በልቤ።

ከሁሉ የምወደው ግን የንጽጽሩን ጨዋታ ነው። በላቸው አንድን የድሮ ዘፈን ሦስት ሰዎች የዘፈኑትን አከታትሎ ያሰማኛል። መጀመሪያ ባለቤቱ በጡሩምባና በከበሮ ታጅቦ፤ ቀጥሎ አንዲት ሴት በፒያኖ ብቻ፣ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ሁሉ ቀስ እያለች፤ በመጨረሻ ያ የዱርቤቴ ልጅ በክራሩ። «የቱ ሆድሽን ነካው?» ይለኛል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያሳስበኝ።

«የሰው ዘፈን ወስደው ባለቤቱ ዝም አላቸው? መለሱለት?»

«እናትሽ ክብሪት ስታጣ ጎረቤት ሄዳ እሳት ትጭር የለም? ትመልሳለች?»

«አትመልስም።»

«የጎረቤትስ እሳት ጎደለ?»

አልጎደለም። ቢሆንም የዘፈኑን ባለቤት አዘንሁለት፤ ሞቶ እንደሆነ ማን ይነግረዋል ብዬ።

ቪሲዲ ማጫወቻው የመጣ ሰሞን ደግሞ ትንሿ ቴሌቪዥን ባንኮኒው ላይ ወጣች። ከዚያ በፊት ያየሁት ክሊፕ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ዘፋኙ መናፈሻ ውስጥ ይቆማል፣ ከጀርባው ወጣቶች እስክስታ ይመታሉ። በላቸው ያሳየኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የማይታወቅ ልጅ ገበያ መሀል ወደ ፊት ይራመዳል፤ ሰው፣ አህያና ጋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። የፈሰሰ ውሃ ከመሬት ተነሥቶ እንስራው ውስጥ ይገባል። በላቸው «ልጁ ሲቀረጽ የኋሊት ነው የሄደው፤ ከዚያ ፊልሙን ገለበጡት» ብሎ አስረዳኝ። ሰማሁት እንጂ አላመንሁትም። እንዲህ ዓይነት ውሃ ያለበት አገር አለ ብዬ ነው የያዝሁት። ከእናቴ ጋር ላህ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ «እዚያ አገር ቢሆን እኮ የፈሰሰው ይመለስልን ነበር» ብላት፣ ትኩሳት እንዳለኝ ልታይ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ጥሩዬ ዘፈን ትወዳለች እንጂ አፏን ከፍታ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር። ረጅም ስፌት፣ መጋረጃ ወይም አንሶላ ሲመጣላት ብቻ፣ እግሯ በፔዳሉ ላይ ሲረጋ፣ ከደረቷ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። በበላቸው ቴፕ ጩኸት ማንም አይሰማትም።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ቴፑ ጸጥ አለ። ፔዳሉ መብራት አይፈልግም፤ ጥሩዬም መጋረጃ ላይ ነበረች፤ አልነቃችም።

በሬው ጌታ ሆኖ ከዋርካ ሥር ተኝቶ፣
ላሚቱ አረሰች ጫንቃዋ ተጎድቶ።

በላቸው በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ጥጡን እንደያዘ ነው።

«የማን ነው ይህ?» አላት።

ጥሩዬ እግሯን አቆመች። «የማንም። እናቴ ስትፈጭ የምትለው የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው።»

«እግርሽን አታቁሚው። እንደነበርሽ ቀጥይ።»

«ሂድ ወደዚያ» አለችው፤ አልቀጠለችም። እሱ ሲሄድ እኔ ተጠጋኋት።

«አክስቴ፣ ላም ታርሳለች እንዴ?»

ሳቀች። «የእምዬ ላም ታርሳለች።»

እምዬ ውዴ፣ ማለትም አያቴ፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ላሟን ያየ ሰው ባገኘሁ ብዬ ተመኘሁ።

በላቸው ቀን በቀን እየመጣ ለመናት። ጥሩዬ እንቢ ያለችበት ምክንያት አባባ ነበሩ። አባባ፣ አያቴ፣ ቡሬ አጠገብ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጥሩዬን ብዙ መሬት ላለው ሰው ድረዋት፣ ዓመት ሳትቆይ ጥላው ወጣች። ከዚያ ወዲህ አባባ ቃል አውጥተው አነጋግረዋት አያውቁም። «ባሏን ፈታ ወጣች መባሌ አንሶ አሁን ደግሞ አዝማሪ ሆነች ልባል?» ትለዋለች በላቸውን። በላቸው በመጨረሻ «እንግዲያው አትዝፈኚ፤ መጋረጃሽን ስፊ፤ እኔ ማይኩን አጠገብሽ አኖራለሁ፤ ሌላ ነገር የለም» አላት። እኔና እሱ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፈንን። እሷ ሰፋች። ሲቀዳ ከበሮ አላስገባም፤ ምቱ የፔዳሉ ድምፅ ነው። ከላዩ በኪቦርዱ ጥቂት፣ እንደ ክራር ያለ ነገር ጨመረበት።

መልሶ ሲያሰማት ጥሩዬ በነጠላዋ አፏን ይዛ አዳመጠች። ሲያልቅ «እናቴ ናት» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ በኋላ እንቢ አላለችም።

በሳምንቱ «ሙሉዬ፣ ክሊፕ ልንሠራ ነው» ስትለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ክሊፕ ማለት ገበያ የሚሸጠው፣ ቢራቢሮ ያለበት የጠጉር ማስያዣ ነበር የመሰለኝ። በላቸው የሚያሳየኝንማ እኔ «ፊልም» ነበር የምለው። ያሉኝን የጠጉር ክሊፖች ሁሉ ለናሙና ብዬ ሰጠኋት። ጥሩዬና በላቸው ተያይተው ሳቁ፤ ግን እሷ አንዱን ወስዳ ጠጉሯ ላይ ሰካችው፤ በኋላም ያን ለብሳ፣ ማለቴ ያን ሰክታ ነው የተቀረጸችው።

በዚሁ መሀል፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አባባ እኛ ቤት መጡ። የዓይን ሞራ ነበረባቸው፤ ሆስፒታል ተራቸው እስኪደርስ እኛው ዘንድ ይቆያሉ። ራት ላይ ጥሩዬ ከጎኔ ተቀምጣለች። አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሉ፣ ያችን ልጅ ውሃ አቀብዪኝ በያት።»

«አክስቴ፣ ውሃ አቀብዪኝ ይሉሻል።»

«ይኸው በያቸው።»

«ይኸውልዎ ትላለች አባባ።»

«እግዜር ይስጥሽ በያት።»

ነገሩ ሁሉ በዓይናቸው የመጣ ነበር የመሰለኝ። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ ጥሩዬን አያዩአትም፤ እኔ ግን ትንሽ ስለሆንሁና እግራቸው ሥር ስለምቀመጥ እታያቸዋለሁ። ሞራው ሲገፈፍ ያዩአታል፤ ያኔ ያነጋግሯታል። ስለዚህ የኦፕራሲዮኑን ቀን ከአባባ ይልቅ እኔ ነበርሁ የምጠብቀው። ማታ ማታም ጥሩዬን «አይዞሽ፣ ሊታከሙ ነው» እላታለሁ። ራሴን ትዳብሰኛለች።

በላቸው ክሊፑ ዋርካና አውድማ ይፈልጋል አለ። ዋርካና አውድማ ጎን ለጎን ያለበትን ቦታ ጥሩዬ ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች፤ የአባባ ግቢ ነው። እሳቸው ደግሞ እዚህ ናቸው። አንድ ቀን ሙሉ መርፌዋን ጨብጣ አሰበች። «አውድማው የእሳቸው ቢሆን፣ ያን አውድማ በበሬ እበት የለቀለቀችው እናቴ ናት» አለችና ተነሣች።

ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሚኒባስ ቡሬ ወረድን፤ ከቡሬ በጋሪ። በላቸው ካሜራውን ይዞ ጋሪው ላይ የኋሊት ተቀመጠ፤ ጥሩዬ ከኋላ እየተከተለች ትራመዳለች፤ ባለጋሪውን «እንቁላል እንደጫንህ አድርገህ ንዳ» አለው። በርበሬ ተለቅሞ የሚሰጣበት ሰሞን ነበር። የአባባ ግቢ፣ ከቤቱ እስከ አጥሩ፣ ቀይ ነው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መሀል ላይ ስትቀመጥ በላቸው ካሜራውን አውርዶ ዝም ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። በባትሪ የሚሠራው ድምፅ ማጉያ ዘፈኑን ጀመረ፤ ነፋስ መጣ፤ ሁላችንም አነጠስን። ባለጋሪው አነጠሰ፣ ፈረሱ አነጠሰ፣ ጥሩዬም ስንኙ መሀል አነጠሰች። «እንደገና እንጀምር» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የዱርቤቴው ዶሮ ነው፤ ይቆይ» አለ በላቸው።

ከዚያ አውድማው ላይ ወጣን። የሚወቃው አጎቴ ታምሩ፣ የጥሩዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ እህቱን ስለሚወዳት ምንም አልጠየቀም። በመንሽ ገለባውን እየዛቀ ይበትናል፤ እኔም በሰፌድ እረዳዋለሁ። በዚህ መሀል የጎረቤት አሮጊት፣ እትዬ ባንቺ፣ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ከእምዬ ውዴ ጋር በአንድ ጓዳ ሲፈጩ የኖሩ ሴት ናቸው። ጥሩዬን ሳይሆን ድምፅ ማጉያውን ነበር የሚያዩት።

«ውዴን የሰማሁ መስሎኝ ነው የመጣሁ» አሉ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙና ተመለሱ።

በላቸው መብራት ሲመጣ እየሠራ፣ ሲጠፋ እየተራገመ፣ በኮምፒውተሩ ቀጣጠለው። እኛ ዘንድ ደግሞ የአባባ ተራ ደረሰ። ኦፕራሲዮን ሆነው አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ተመለሱ። ሌላው ከድሮም ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። እኔ ፋሻው የሚፈታበትን ቀን ስጠብቅ፣ እትዬ ባንቺ በሽተኛ ሊጠይቁ ከገጠር መጡ።

«እግዜር ይማርዎ አያ ደምሌ።»

«አሜን፣ ይመስገነው። አገሩ እንዴት ነው?»

«አገሩ ደኅና ነው። አውድማዎ ላይ የውዴን ድምፅ ሰማሁት፤ ከአንድ ጥቁር ሣጥን ውስጥ። እርስዎ ያውቁ እንደሆን ብዬ ነው።»

እናቴ ቀና አለች። ጥሩዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች። አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ሙሉ።»

«አቤት አባባ።»

«ያች ልጅ ያን ነገር ታሰማኝ በያት።»

«ጾም ነው እኮ አባባ» አለች እናቴ በለሰለሰ ድምፅ።

«እንጉርጉሮ ምኑ ዘፈን ነው? ወፍጮ ነው። ሥራ በጾም አልተከለከለም።»

በላቸው ማጫወቻውን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ቴሌቪዥናችን ላይ ሰካካና በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚያመች ቦታ ተቀመጠ። ጥሩዬ ጓዳው በር ላይ ቆመች። አባባ በእጃቸው ፈልገው ትከሻዬን ያዙ። «አንች ዓይን ሁኝኝ» አሉኝ።

የፔዳሉ ድምፅ ጀመረ።

«ምን ይታያል?»

«ቀይ መሬት ነው። በርበሬ።»

«የማን በርበሬ?»

«የእርስዎ ነው አባባ።»

«ደርቋል?»

«ደርቋል።»

«እሺ።»

«አክስቴ መሀሉ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ለብሳለች፤ የእኔን ክሊፕ ሰክታለች። አሁን አነጠሰች።»

«እየዘፈነች?»

«እየዘፈነች። አሁን ደግሞ አውድማው ነው። ገለባው ከመሬት እየተነሣ ወደ ሰማይ ይሄዳል።»

«ነፋስ ይሆናል።»

«አይደለም አባባ፤ በራሱ ነው። ወጥቶ ወጥቶ የአጎቴ መንሽ ላይ ይመለሳል።»

«ገለባ ከተመለሰማ የእኔም ጥርስ ሊበቅል ነው» አሉ። በላቸው ሊስቅ ብሎ ተወው።

ያን ጊዜ ስለ በሬውና ስለ ላሚቱ የሚለው ስንኝ ደረሰ። የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቀ። «አቁሙት» አሉ። በላቸው አቆመው። በላቸው ጫማውን ሲፈልግ አየሁት።

«ሙሉ፣ ያች ልጅ ይህ ስለማን እንደተባለ ታውቃለች?»

ጥሩዬ አፏን ሳትከፍት እኔው ቀድሜ መለስሁ። «ስለ ላሚቱ ነው አባባ። እኔ ግን ላም ስታርስ አይቼ አላውቅም።»

«እኔ አይቻለሁ» አሉ። «ቤቴ ነበረች።»

ትከሻዬን ለቀቁት። «ዋርካው ሥር የተኛሁት እኔ ነኝ። ውዴ ሙሽራ ሳለች ነው የጀመረችው። እሷ ጓዳ ሆና ትፈጫለች፣ ትላለች፤ እኔ ተጋድሜ እሰማለሁ። እንደምሰማም ታውቃለች። መልስ ብሰጥ በሬው እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ዕድሜ ልኬን ያልሰማሁ መሰልሁ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳው በር አዞሩ።

«ጥሩዬ።»

ጥሩዬ ግድግዳውን ያዘች። «አቤት አባባ።»

«ግማሹን ነው የዘፈንሽው። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቂውም?»

«አላውቀውም።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ጸሎት፣ ያለ ዜማ አሉት፦

በሬው ተነሣና ቀንበሩን ጠየቀ፣
ላሚቱ ስታየው ልቧ ሳቀ ሳቀ።

ጥሩዬ በዜማው ደገመችው፤ ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆርጦ እንደገና ተነሣ። አባባ «እንዲያ ነው» አሏት። «እንጀራም ስጪኝ፤ ርቦኛል።» እኔን በያት አላሉኝም። ፋሻው ገና አልተፈታም ነበር፤ በምን እንዳዩአት ግራ ገብቶኝ ወደ ፋሻው ትክ ብዬ ስመለከት ዋልሁ።

እትዬ ባንቺን ወደ መኪና ስንሸኛቸው ጥሩዬ ጠየቀቻቸው። «ያን ሁለተኛውን ስንኝ እናቴ ስትለው ሰምተው ያውቃሉ?»

«ከውዴ ጋር ስንቱን ዘመን ፈጨሁ። ሰምቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

እትዬ ባንቺ ምርኩዛቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። «ተይው፤ አትጠይቂው። ዘግይቶም ቢሆን መልስ መስጠቱ ነው።»

አልጠየቀቻቸውም። ዘፈኑን ከሁለተኛው ስንኝ ጋር እንደገና ቀዱት። በላቸው ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ሳትሄድ ይችን ስማት» ማለቱን ቀጠለ። አንዳንዱ ገዛ፤ ብዙው ሰምቶ ሄደ። አባባ ዓይናቸው በርቶላቸው ከገና በፊት ወደ አገራቸው ሲመለሱ በላቸው አንድ ቪሲዲ በስጦታ ሰጣቸው። እዚያ መብራት የለም። ተቀብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙት።

በጥር አጎቴ ታምሩ አገባ። ዳሱ ውስጥ ከተሜው ሁሉ የማያውቀውን ዘፈን የገጠሩ ሴቶች እየተቀባበሉ ያወርዱታል። ከጓዳ በኩል ድንገት የማውቀው ነገር መጣ። በሬው አለ፣ ላሚቱ አለች፤ ሁለተኛውም ስንኝ አንድ ቃል ሳይጎድል አለ። እነዚህ ሴቶች ቴሌቪዥን አላዩም፤ የበላቸውን ሱቅ አያውቁም። ጥሩዬም አባባ ባሉበት እዚያ ግቢ ከዓመታት በኋላ የገባችው ያን ዕለት ነው፤ ወጥ እያወጣች ነበር፤ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከሚዘፍኑት አንዷን፣ ከማዶ ቀበሌ የመጣች ሴትዮ፣ ነጠላዋን ጎተትኋት።

«ይህ ዘፈን የማን ነው?»

«የማን ይሆናል ልጄ፤ የጥንት ነው። እናቶቻችን ሲሉት የኖሩት ነው።»

«ሁለተኛውም?»

«ሁሉም። የጥንት ነው አልሁሽ እኮ።»

አባባ መደቡ ላይ ከሽማግሎች ጋር ተቀምጠው ጠላቸውን ይዘዋል። ሰምተውናል። በዚያች በበራች ዓይናቸው እኔን አዩኝና፣ ሽማግሎቹ ሳያዩአቸው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።